የሦስተኛው አልጋ ምስክር

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ቅያሱን ታጥፎ ሦስተኛዋ በር፣ ሁለት ክፍል ያላት ቤት ነበረች። ዛሬም አለች። ግን ያኔ ድምፅ ነበራት፤ ከማለዳ እስከ ምሽት የልብስ ስፌት መኪና ሲያንጎራጉር ይሰማባት ነበር። የመኪናው ባለቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች፣ ሠፈሩ «እማማ ስፒል» እያለ የሚጠራት ሴት ናት። ስሙ የወጣላት ስትሠራም ሆነ ስታወራ ሁለት ሦስት ስፒል ከከንፈሯ ስለማይጠፋ ነው። ስፒል በአፏ ይዛ ትስቃለች፣ ስፒል በአፏ ይዛ ትቆጣለች፣ ስፒል በአፏ ይዛ ትመርቃለች። አንድም ቀን ግን ዋጥኩት ብላ አታውቅም። ባሏ የሞተው ሁለተኛው ልጃቸው ገና በሆዷ ሳለ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባትም እናትም እንጀራም መጦሪያም ያቺው መኪና ሆነች። ሁለት ልጆቿን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ በእግሯ ፔዳል እየረገጠች አሳደገቻቸው ማለት ይቻላል።

ወንዱ ብየዳ ተምሮ የበርና የመስኮት ሥራ ቤት ተቀጠረ፤ ከሥራው አጠገብ ክፍል ተከራይቶ ወጣ። እሱስ እንደምንም ራሱን ቻለ። ታላቋ ናት የእናቷን አንጀት የበላችው። ዕድሏ ከመጀመሪያው ጠማማ ነበር። አግብታ ሰባት ዓመት ብትኖርም እግዜር ልጅ አልሰጣትም፤ ባሏ ሌላ አገባና ልብሷን በማታውቀው ሰው እጅ በማዳበሪያ ከረጢት ላከላት። ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠረዛ ተቀጠረች፤ ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ። በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰችና የውስጠኛው ክፍል አልጋ ላይ ተቀመጠች። አራት ዓመት ተቀመጠች! ከሰው ጋር አትወጣም፣ ጎረቤት «እንዴት ነሽ?» ሲላት ፊቷን ታዞራለች። ቀን ቀን ዝም ትላለች፤ ሲመሽ ከስስ ግድግዳው ማዶ ታለቅሳለች። እናቷ ከዚህ ወዲህ ሆና የእያንዳንዷን ሳግ ትሰማለች። ለእናት ከዚህ የባሰ ምን ሕመም አለ? የወለደችው ሥጋ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ እየቀለጠ፣ እሷ ግን ኮሌታ ትሰፋለች…

የማግኔት ሕክምና የሚባለው አዳራሽ የተከፈተው በአምስተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ነበር። ከቤት ዕቃ መሸጫው በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሁሉ ነጭ መጋረጃ። በሩ ላይ «ያለ መድኃኒት፣ ያለ ቀዶ ሕክምና» ይላል። ውስጡ አሥራ ሁለት አልጋ ተደርድሯል፤ ፍራሾቹ ውስጥ ክብ ክብ ማግኔት ተሰፍቶባቸዋል። ወገቡን ያመመው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው ሁሉ አርባ ደቂቃ በነፃ ይተኛል። ደስ ካለው ሲወጣ የወገብ ማሰሪያ፣ የጉልበት ማሰሪያ፣ አምባር ይገዛል። ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ሰውን ሁሉ «እናቴ»፣ «አባቴ» የሚል፣ ከረባቱ የማይላላ ሰው ነው። ማግኔቱ ደም ውስጥ ያለውን ብረት እንደሚያነቃ፣ የነቃ ደም ደግሞ ሕመምን ጠራርጎ እንደሚያወጣ በየጠዋቱ ያስረዳል። እንዴት ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። የታመመ ሰው ማብራሪያ ሳይሆን ተስፋ ነው የሚፈልገው፤ እሱም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ታላቋ ልጅ ማስታወቂያውን አይታ አመለከተች፤ ማንም ባልጠበቀው፣ እሷም ባልጠበቀችው ሁኔታ ተቀጠረች። ነጭ ጋውን ሰጧት። አራት ዓመት ሙሉ ቀና ብላ ያልሄደች ሴት ጋውኗን ለብሳ ቅያሱን ስትወጣ እናቷ በር ላይ ቆማ እስክትታጠፍ ድረስ አየቻት። አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎች «ዶክተርዬ» ይሏታል። አይደለሁም ብትላቸውም አይሰሟትም፤ ውላ አድራ ማስተካከሉን ተወችው። ያልታደለች ሴት አንድ ጊዜ በመልካም ስም ብትጠራ ማን ይፈርድባታል?

ነገር ግን አዳራሹ አንድ ደንብ ነበረው። ቅጥሩ ለሦስት ወር የሙከራ ነው፤ ቋሚ ለመሆን እያንዳንዱ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ምስክር ከገዛ ቤቱ ማምጣት አለበት። እናት ይሁን፣ ባል ይሁን፣ እኅት ይሁን፣ በማግኔቱ ተሽሎኛል ብሎ በሰው ፊት የሚናገር የሥጋ ዘመድ። «የራሳችሁ ሰው ካልመሰከረ እንግዳ ለምን ያምነናል?» ይላል ሥራ አስኪያጁ፣ ለስለስ አድርጎ። ታላቋ ልጅ ይህንን ለእናቷ የነገረቻት በጨዋታ መሐል ነበር። እናቷ በስፒሎቹ መሐል «እህ» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም።

አጋጣሚ ሆኖ፣ ወይም ክፉ ቀን ሊጠራት ፈልጎ፣ እማማ ስፒልን ከሁለት ወር ወዲህ ከግራ ጎድኗ ሥር እስከ ወገቧ የሚወርድ ሕመም ይዟት ነበር። ሁሉም ሰው፣ እሷም ጭምር፣ ጥፋቱን በስፌት መኪናው ላይ ጣለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያጎነበሰ ወገብ ባይታመም ነበር የሚገርመው! ልጅቷ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የማግኔት ማሰሪያ ይዛ መጣች። በገዛ እጇ በእናቷ ወገብ ላይ አሰረችላት፣ ትራሷን አስተካከለችላት። በማግስቱ ጠዋት ገና ጎሕ ሲቀድ ተነስታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ? ወገብሽስ?»

እናት ልትመልስ አፏን ከፈተች። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ነበር ያደረችው፤ ማሰሪያው ሕመሙ ላይ ከመክበዱ በቀር ምንም አላደረገም። ግን የልጇን ፊት አየች። ወይኔ ያ ፊት! ዓይኗ ተስፋ አዝሎ፣ ከንፈሯ ገና ሳይስቅ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ… እንዲህ ሆኖ ያየችው ልጅቷ ስትዳር ነበር፤ ከዚያ በኋላ አላየችውም።

«ተሻለኝ» አለች።

አንድ ቃል ናት። ከዚህች ቃል በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህች ቃል መጣ።

እሑድ ጠዋት እማማ ስፒል ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሦስተኛው አልጋ ላይ ተቀመጠች። በሰው መሐል ተናግራ አታውቅም፤ በዕድር ስብሰባ እንኳ ከኋላ ተቀምጣ ኪሷ ውስጥ ያለውን ክር የምትፈትል ሴት ናት። ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ማጉያውን ሲሰጣት በሁለት እጇ ያዘችው። ልጇ ነጭ ጋውን ለብሳ ግድግዳው ጋ ቆማለች። እናት ልጇን እያየች፣ ሌላ ማንንም ሳታይ፣ መቀመጥ አቅቷት እንደነበር፣ አሁን ግን ስፌቷን እየሰፋች እንደሆነ፣ እንቅልፏም እንደተመለሰ ተናገረች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ አለቀሰ። በሳምንቱ ልጅቷ ቋሚ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ወር ለታላቋ ልጅ የሕይወቷ ለምለም ጊዜ ነበር። ሳቀች፣ ጸጉሯን ተሠራች፣ ጎረቤት ቆማ አወራች። እናቷ በየሳምንቱ እሑድ ሦስተኛው አልጋ ላይ እየተቀመጠች መመስከሯን ቀጠለች፤ አዳራሹ ያለ እሷ እሑድ እሑድ አይመስልም ነበር። አንዳንዱ እሷን ሰምቶ የሐኪም ቀጠሮውን ትቶ መጣ ይባላል። ቤት ውስጥም ቢሆን የሳቅ ምክንያት አልጠፋም፤ ማግኔት ያሰረች ልብስ ሰፊ አስቡት! በመሬት የወደቀው፣ በጠረጴዛው ጠርዝ የተረሳው ስፒል ሁሉ እየተፈናጠረ ወገቧ ላይ ይለጠፋል። አንዳንዴ መቀስም ይከተላታል። «ዕድሜ ለማሰሪያሽ፣ ስፒል ጠፋኝ ብዬ ማጎንበስ ቀረልኝ» ትላለች። ልጅቷ እየሳቀች እንደ ቅማል ለቃሚ አንድ በአንድ ታነሳላታለች።

ታዲያ አንዳንድ ጊዜ እናት ሥራ ላይ ሳለች ድንገት «ወይኔ!» ብላ ትታጠፋለች። ፊቷ አመድ ይመስላል።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ስፒል ነው… ማሰሪያው ላይ የተለጠፈ ስፒል ወጋኝ።»

«አንቺ ደግሞ! ቆይ ላንሳልሽ።» ስትፈልግ ሁልጊዜ አንድ ስፒል አይጠፋም። ታነሳዋለች፣ «ይኸው ጠላትሽ» ብላ ታሳያታለች፣ እናትም ትስቃለች። በቀን አንዴ የነበረው «ወይኔ» በቀን አምስቴ፣ ስድስቴ ሆነ። ልጅቷ ስፒሉን ሰደበች፣ ስፒሉን ደበቀች፣ የስፒል መያዣ ትራስ ገዛችላት። እናቷን ግን አላየቻትም። ደስ ያለው ሰው ዓይን እንዲህ ነው እንዴ? ነገሩን ሁሉ እያየ ምንም አያይም?

ያየው ወንድሟ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ወጥቶ ጎራ አለና እናቱን አቀፋት። እንደ ወትሮው ብድግ አድርጎ ሊያሽከረክራት ፈልጎ ነበር፤ ግን እጁ ላይ የመጣው አጥንት ነበር። መሬት ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጣት፤ አልሳቀም። በሳምንቱ በአንድ ሆስፒታል ቀጠሮ አስይዞ፣ ካርዱን ይዞ መጣ።

«ማክሰኞ ጠዋት እንሄዳለን» አለ። «ራጅም ይሁን ሌላ፣ ውስጧ ይታይ።»

ታላቋ ጋውኗን እያወለቀች ነበር። ካርዱን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። «ሰው ሁሉ እሷን አይቶ ነው የሚድነው! እሷ ሆስፒታል ስትመላለስ ብትታይ ምን ይባላል? ደግሞ ተሽሏታል፤ ራሷን ጠይቃት።»

«እታለም፣ እኔ ብረት የምገጥመው በማግኔት ነው። ቀኑን ሙሉ በእጄ ይዤው ነው የምውለው። ማግኔት ሕመም የሚያወጣ ቢሆን ይህ አንጓዬ ለምን ማታ ማታ ይንቀጠቀጣል? ንገሪኛ!»

«አንተ ብረት ከማቅለጥ ሌላ ምን ታውቃለህ?»

«እናቴን ትገድያታለሽ! በሥራሽ ምክንያት እናቴን ትገድያታለሽ!»

ልጅቷ በጥፊ መታችው። ሠላሳ ዓመት የሞላውን፣ አጥር የሚያክለውን ወንድ። እሱ ጉንጩን ይዞ ወደ እናቱ ዞረ፤ ፍርድ የሚጠብቅ ሕፃን መሰለ። እማማ ስፒል ከመኪናዋ ቀና አለች። ሴት ልጇን አየች፣ ወንድ ልጇንም አየች። በዚያች ቅጽበት ካርዱን ብትቀበል ኖሮ! እጇን ብቻ ብትዘረጋ!

«ተሻለኝ አልኩህ እኮ» አለች፣ ቆጣ ብላ። «ከእኔ በላይ ሕመሜን ታውቃለህ? ሂድ ወደ ሥራህ። እኅትህን እያሳዘንክ ደጄን አትርገጥ።»

ወጣ። ካርዱን ደፍ ላይ ጥሎት ወጣ። አራት ወር አልተመለሰም። እናቱ በሩ ሲንኳኳ ሁሉ ቀና እንደምትል፣ እሱም በየቀኑ ከሥራ ወጥቶ ቅያሱ አፍ ላይ ቆሞ የመኪናዋን ድምፅ ሰምቶ፣ አለች ብሎ እንደሚሄድ፣ ሁለቱም አንዳቸው የአንዳቸውን አላወቁም።

ከዚያ አንድ እሑድ መጣ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ እማማ ስፒል ሦስተኛው አልጋ ላይ ናት። ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች። «ልጆቼ፣ እኔ መጀመሪያ ስመጣ…» አለች። ቆመች። «መጀመሪያ ስመጣ…» ድጋሚ ቆመች። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ከእጇ ወድቆ አዳራሹን በጩኸት ሞላው፤ እሷም በጎኗ ተጋደመች። ነጩ አንሶላ ከሥሯ ቀላ። ሰው ተንጫጫ፣ ተነሳ፣ ጫማውን ፈለገ። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወደ ልጅቷ ጆሮ ጠጋ አለና፣

«በኋላ በር አውጧት» አለ። «በደንበኞች ፊት አትለፍ።»

በኋላ በር! ሰባት ወር ሙሉ ፊት ለፊት ያስቀመጧትን ሴት! ልጅቷ ስልኳን አወጣች፤ አራት ወር ያልደወለችበትን ቁጥር ጣቷ ሳይፈልግ አገኘው። «ና» ብቻ አለች። እሑድም ሥራ ላይ የነበረው ወንድሟ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ፣ እጁ ጥላሸት እንደሆነ በሩጫ ደረጃውን ወጣ። እናቱን እንደ ልጅ ታቀፋት፤ በዋናው በር፣ በሰው ሁሉ መሐል ይዟት ወረደ። 

ሆስፒታል ያየቻቸው ሐኪም ወጣት ነበረች፤ ደጋግማ መነጽሯን ታስተካክላለች። «ደም መሽናት ከጀመሩ ስንት ጊዜያቸው ነው?» ብላ ጠየቀች። እኅትና ወንድም ተያዩ። አላወቁም። ሐኪሟ የምትለውን አለች። ኩላሊቷ ላይ የበቀለ ዕጢ ነው። መጀመሪያ አንድ ቦታ ላይ የነበረ ይመስላል፤ ያኔ ቢመጡ ኩላሊቱ ወጥቶ በአንዱ መኖር ትችል ይሆናል። አሁን ሳንባም አጥንትም ጋ ደርሷል። «ሕመሙ ከባድ ነው የሚሆነው» አለች፣ «እንዴት እንደቻሉት አላውቅም። አይጮኹም ነበር?»

«ወይኔ ትል ነበር» አለች ታላቋ። ከዚያ ራሷ ያለችውን ራሷ ሰማችው። መሬት ላይ ተቀመጠች።

እናት ሆስፒታል ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማስታገሻው ትንሽ ፋታ ሲሰጣት፣ ልጅቷ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች። መጠየቅ ፈርታ ነበር፤ አለመጠየቁን ደግሞ አልቻለችም።

«እማዬ… ማሰሪያው… ትንሽ እንኳ አልረዳሽም?»

«አንድም ቀን።»

«ስፒሉስ?»

«ስፒል አልነበረም የኔ ልጅ።»

«ለምን? ለምን ዋሸሽኝ እማዬ? ለምን?»

እናት እጇን ለማንሳት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «አራት ዓመት ከግድግዳው ማዶ ስታለቅሺ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን እያለቀስሽ እንዳትቀሪብኝ ብዬ እንቅልፍ አልነበረኝም። ያን ቀን ጠዋት ፊትሽ በራ… ታዲያ መልሼ ላጥፋው? እናትሽ አይደለሁም?» ትንፋሽ ወሰደች። «ለዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ቋሚ እስክትሆኚ። ከዚያ ሰው አጨበጨበ… ከዚያ ወዲያ መመለሻው ጠፋኝ።»

ልጅቷ ፊቷን አንሶላው ውስጥ ቀበረች። ወንድሟ ከአልጋው ማዶ ቆሞ ግድግዳውን ያያል፤ ጀርባው ይንቀጠቀጣል። እናት ጠራችው።

«አንተ ልጅ… አንድ ነገር ቃል ግባልኝ።»

«ያልሽኝን ሁሉ እማዬ።»

«‹ነግሬሽ ነበር› እንዳትላት። ብትቆጣም፣ ብትጣሉም፣ ብታረጁም። በሕይወትህ እንዳትላት።»

«አልላትም» አለ። «ስምሽን ይዤ አልላትም።»

ከዚያ በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ በሆስፒታሉ መስኮት ገብታ አልጋው ላይ ስትደርስ፣ እማማ ስፒል አረፈች። ከንፈሯ ትንሽ ገጠም ብሎ ነበር፤ ስፒል የያዘች ይመስል ነበር።

ከቀብር በኋላ ሰው ሲበተን ቤቷ ጸጥ አለች። ጸጥታውን የማያውቅ ሰው ጸጥታ ባዶ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። ታላቋ ልጅ ቀትር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለች የመኪናው ፔዳል ይሰማታል። ብድግ ትላለች፤ መኪናው ጨርቁን ለብሶ እንደተቀመጠ ነው። ውሃ ስትቀዳ ከኋላዋ «ወይኔ!» ይላታል። ትዞራለች። ማንም የለም። «ስፒል ነው» የሚል ድምፅ ትጠብቃለች፤ እሱም አይመጣም። አንድ ቀን ልብሷን ለችግረኛ ልስጥ ብላ ሣጥኑን ከፈተች። የመጀመሪያውን ቀሚስ ገልብጣ አየችው። ጎንና ጎኑ ተጠብቧል። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ሦስት ጊዜ ተጠብቧል፤ ሦስት መስመር ስፌት ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ገባ ብሎ፣ ቀጥ ያለ፣ የተዋበ፣ የባለሙያ ስፌት። እናቷ በከሳች ቁጥር ልብሷን ከሰውነቷ ጋር እያጠበበች፣ ማንም ሰፋባት እንዳይል፣ ማንም ከሳች እንዳይል ስትደብቅ ኖራለች! ልጅቷ ቀሚሱን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ጮኸች። ጎረቤት እንዳይሰማ ነው? አይደለም። ከግድግዳው ማዶ ማንም እንደሌለ ረስታ ነው።

ወንድሟ ወደ ቤት ተመልሶ ነበር፤ የውጭኛው ክፍል ውስጥ ይተኛል። ያን ቀን ከሥራ ሲገባ ቀሚሶቹን ዙሪያዋን በትና አገኛት። አያቸው፤ ገባው። አጠገቧ ቁጭ አለ።

«በለኝ» አለች። «አንድ ጊዜ በለኝ። ነግሬሽ ነበር በለኝ!»

«እታለም…»

«ስደበኝ! ምታኝ! ያን ጥፊ መልስልኝ! እንዲህ ዝም ስትለኝ እኮ ነው የምሞተው…»

አላለም። ቃሉን ጠበቀ። ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ የብየዳ ጭስ በሚሸት ሸሚዙ ላይ እስክትደክም እንድታለቅስ ተዋት። ከልጅነታቸው ወዲህ እንዲህ ተቃቅፈው አያውቁም ነበር። እናታቸው በሕይወት ሳለች ይህን ብታይ ምን ነበረበት? የዚህ ዓለም ፍርድ እንዲህ ነው፤ ዕርቁን የሚሰጠው ዕርቁን ስትመኝ የኖረችውን ወስዶ ነው።

በሰባተኛው ሳምንት ጋውኗን ልትመልስ ሄደች። ወንድሟ ከሥራ ቤቱ በተዋሰው ፒካፕ አደረሳት፤ ታች ጠበቃት። ደረጃውን ስትወጣ ገና በመሐሉ ቆመች፤ ከላይ የእናቷ ድምፅ ይሰማል። የጆሮዋ ነገር መሰላት፤ በቀትር የለመደችው። በሩን ስትከፍት ግን ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ እናቷ ተቀምጣለች። ቀረጻ እንደነበር እንኳ አላወቀችም። እናቷ ከስክሪኑ ውጭ ያለ ሰው ላይ፣ ግድግዳው ጋ የቆመች ሰው ላይ ዓይኗን ተክላ፣ «ተሻለኝ» ትላለች። ያልቃል። ደግሞ ይጀምራል። ሥራ አስኪያጁ መጣ፤ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ነፍስ ይማር። እናቴ ናቸው እኮ ለእኔም። እዚህ አልሞቱም፤ አየሽ ስንቱን ያጽናናሉ?»

እጇን ከእጁ አወጣች። ዓይኗ ሦስተኛው አልጋ ላይ ነበር። ወፍራም ሹራብ የለበሰች፣ እግሯ የከሳ ሴት ተቀምጣለች። አጠገቧ አዲስ ጋውን የለበሰች፣ ማጠፊያው መስመር ገና ያልጠፋ፣ ወጣት ሴት ቆማ ትራሷን ታስተካክልላታለች። መልካቸው አንድ ነው። ወጣቷ የሙከራ ሠራተኛ መሆኗ ያስታውቃል፤ ዓይኗ ተስፋ አዝሏል፣ ከንፈሯ ሊስቅ ተዘጋጅቷል።

ታላቋ ልጅ ሄዳ አልጋው ሥር ተንበረከከች። «እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የት ነው የሚያምዎት?»

ሴትዮዋ ወደ ልጇ አየች። «ምንም አያመኝም ልጄ። ተሽሎኛል» አለች። እንዲህ እያለች የታላቋን ጣቶች ይዛ እስኪነጡ ድረስ ጨመቀቻቸው።

ከላይ ቴሌቪዥኑ እንደገና ጀምሯል። ሥራ አስኪያጁ «እባክሽ…» እያለ ትከሻዋን ነካ። ታላቋ ልጅ እሱን ትታ ወደ ወጣቷ ቀና አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ልመና ነበረበት።

«እኅቴ፣ አፈር ስሆን፣ አንድ ጊዜ ፊትሽን አዙሪላት።»

«እንዴት? ምን ማለትሽ ነው?»

«እያየሽን አትነግረኝም። እንድትናገር አዙሪላት።»

ወጣቷ ግራ ገባት። እናቷን አየች፣ ይህችን ጥቁር የለበሰች ሴት አየች። ምን እንደገባት እንጃ፤ ቀስ ብላ ወደ ነጩ መጋረጃ ዞረች።

ሴትዮዋ የልጇን ጀርባ አየችው። ፊቱ ዘወር ሲል የያዛት ነገር ሁሉ የለቀቃት ይመስል እንባዋ በጉንጯ ወረደ። የታላቋን እጅ ስባ ሹራቧ ሥር፣ ሆዷ ላይ አሳረፈችው።

«እዚህ ጋ» አለች፣ በሹክሹክታ። «ከሦስት ወር ጀምሮ። ሌሊት ሌሊት ትራስ ነክሼ ነው የማድረው። ልጄ እንዳትሰማ አደራ።»

ልጇ ግን ሰምታለች።